ለክብር ብድግ ብዬ

ወዳጄ፣ ሰላም ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱን ካልቆጠርነው።

ዛሬ ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ነበር። የዚህ አገር ፕሮፌሰር ሲገቡ አገር ቤት እንደለመድነው ለክብራቸው ብድግ አልኩ፤ ከክፍሉ ሁሉ ብቻዬን።

«የምትሄድ ከሆነ ስትወጣ በሩን ዝጋልን» አሉኝ።

ታላቅ ሰው ያዘዘው እንዴት እምቢ ይባላል? ወጥቼ ዘጋሁላቸው! ኮሪደሩ ላይ ደሜ ሲፈላ ተመልሼ ገባሁ።

«የተነሳሁት እኮ ለእርስዎ ክብር ነው፤ ተረኛ አቅራቢው እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ያኔውኑ አትናገርም?»

አቀረብኩ። ያንገበገቡኝ ግን እሳቸው አይደሉም፤ «አፍህን ይዘህ ጻፍ» እያሉ ያስተማሩን የኛው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ስመለስም የማስተምረው እሳቸው ሥር ነው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናቴን ሳምልኝ፣ እህትህንም። ከኃላፊው ጋር የሚከራከር ተማሪ ካየህ፣ አደራ፣ እስክመጣ እንዳያባርሩብኝ።