ፖሊስ ያገኘልኝ ልጅ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚኪያስ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? እኔ ደህና ነኝ። ስልኬን አላነሳም ስላልክ ጻፍኩልህ፤ እስቲ ከቻልክ ይህንንም ሳታነበው ጣለው።

ፖሊስ ሱቅህ ድረስ መጥቶ «ታግተሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀህ በእኔ ምክንያት ነው። «ልጄን ለመስቀል ሲመጣ አገና መንገድ ላይ ከሚኒባስ አስወርደው ወሰዱት» ብዬ ለፖሊስ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሜሮንን አታገባም ባልኩህ አኩርፈህ ከሄድክ ወዲህ መስቀል በመጣ ቁጥር በር በሩን እያየሁ ነው የምውለው። ዘንድሮ የጎረቤታችን የዓለምዘውድ ልጆች ከሞያሌ ሳይቀር ገብተው ቤቷ ሲሞላ እኔ ክትፎዬን ብቻዬን ይዤ ቀረሁ። ንድድ አለኝና ፖሊስ እንኳ ይፈልግልኝ ብዬ ደወልኩ።

የፖሊስ መኪና የአገናን መንገድ ስታስስ ዋለች። በዚያው ሰዓት ሸምሶ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ገበያው አጠገብ ሲደበደብ ሰው ለፖሊስ ቢደውል መኪና የለም ተባለ። እግሩ ተሰብሯል። ሄጄ ጠየቅሁት፤ እናቱ ፊት መቀመጥ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ፖሊስን በሐሰት አሳስተሻል ተብዬ ተከሰስኩ። ደግ አደረጉ።

ሽማግሌዎች ጉዳዩን በእርቅ እንጨርሰው ብለው ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄደው ነበር። ይህ የመንግሥት ክስ ነው፣ በእርቅ አይቀርም ተብለው ተመለሱ። ዓለምዘውድ ደግሞ «የታገተ መስሎኝ ነው በይ፤ ማን ልብሽን ከፍቶ ያያል?» ብላ መከረችኝ። ከልቡ መስሎት የደወለ ሰው አይቀጣም አሉ። ዳኛዋ ልጅ እግር ናት፤ «አለመታገቱን ያውቁ ነበር?» ብትለኝ «አሳምሬ» አልኳት። አንዴ ዋሽቼ የሰው ልጅ ጎድቻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽም። ጥፋተኛ ተብያለሁ፤ ቅጣቱ ሰኞ ይነገረኛል። በገደብ ይለቁሻል የሚሉኝ አሉ፤ ካሰሩኝም እታሰራለሁ። ዳኛ ፊት ቆመህ እንድትለምንልኝ አልፈልግም፣ ግትርነቱን ከማን ወረስከውና?

አንድ ነገር ግን ለዳኛዋ አልነገርኳትም፤ አልተጸጸተችም እንዳትለኝ ፈራሁ። ሳጅን ሸረፋ ጣቢያ አስጠርቶኝ «ልጅዎ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሏል» ሲለኝ፣ ማፈር ሲገባኝ «ከስቷል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሊቆጣኝ የተዘጋጀው ሰውዬ ሳቁ መጣ። «ድሬዳዋ ያለው ባልደረባዬ እንደነገረኝ ወፍሯል፤ ሕፃን ያዘለች ባለቤቱም አብራው ነበረች» አለኝ። እዚያው ጣቢያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሜሮንን በድያታለሁ፤ ይቅር በይኝ ብላለች በልልኝ። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ የታዘለውንም ያሳድግላችሁ። ስሙን ጠርቼ ብመርቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳጅን ሸረፋ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልጠየቀልኝም።

እናትህ የሺመቤት