አባትየው ምን አደረገ?

ጥቅምት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ገበያ ዋለ። ቪዲዮ ቤቱ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጢም ብሎ ሞላ። ሻይ ሦስት ጊዜ አፈላሁ። ስኳሩ እርጥበት ገብቶት ማንኪያ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ምንይችል አዲስ ፊልም አምጥቷል። አማርኛ ነው። ሽፋኑ ስለጠፋ ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔ በር ላይ ስለምቀመጥ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ሰዉ እንደ ሌላው ቀን አይጮህም፣ አይሳደብም... ዝምታው ሲበዛብኝ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ወንዶቹ ያለቅሳሉ። በሬ ሻጩም፣ ያ ተረበኛ ሚሊሻም። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው።

ሲወጡ ደግሞ ቀልድ ሆነ።

«ምንይችል፣ እዚህ ቤት በርበሬ ታስወቅጣለህ እንዴ?»

«የሀብትነሽ ምድጃ ነው እኮ፣ ጭሱ!»

«ምድጃዬ ውጭ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። አንዱ ብቻ አልሳቀም። ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

ወንድ ለቅሶ ቤት ያለቅሳል፣ ወግ ነው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለማያውቀው ሰው ማልቀስ ግን... ምንድን ነው?

ጥቅምት 14

ያለ ጊዜው ዝናብ። ሰው የለም። ቤት ዋልኩ።

ጥቅምት 18

የቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ወንበር እግሩ ተሰበረ። ምንይችል አናጢውን ባሌን፣ ታዘበውን፣ አስጠራው። ወንበሮቹን ሁሉ የሠራቸው እሱ ነው፤ አንድም ቀን ተቀምጦባቸው ግን አያውቅም። «ውሸት ሲወራ ቁጭ ብዬ አልሰማም» ነው የሚለው።

መታው፣ አጠበቀው። ይችል እንደሆነ ብሎ ተቀመጠበት። ፊልሙ ተጀምሮ ነበር። አልተነሳም።

ዛሬ እኔም ከመጋረጃው ስር ቆሜ አየሁት። አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ሽማግሌ። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በረሃ ወርዶ ወሬው ጠፋ። አባትየው የልጁን ኮት በየጊዜው ያወርዳል፣ ቁልፉን ያጠብቃል፣ መልሶ ይሰቅላል። አንድ ቀን ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። አራት ሽማግሌዎች። አባትየው ገባው። ግን ምንም እንዳልገባው ሆኖ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ፣ ወንበር አቀረበ። ትልቁ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ... እዚያ ላይ ሲዲው አለቀ።

ታዘበውን አየሁት። መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንባው በጢሙ ይወርዳል። አይጠርገውም። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«ቀጣዩስ?» አለ።

«ጋሽ ታዘበው፣ ሁለተኛው ሲዲ ተሰንጥቋል። ማሽኑ አያነበውም» አለው ምንይችል።

«እና ሳይነግሩት ሊቀሩ?»

 መዶሻውን እዚያው ትቶ ወጣ።

ጥቅምት 19

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ታዘበው ከቤት አልወጣም። መዶሻውን እኔ ነኝ ያመጣሁለት። 

ይኼን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

በ1994 ነው። ልጃችን እንዳላማው ከዘመተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለቀበሌ የመርዶ ወረቀት መጣ። ንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ኪዳን ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ሊነጋጋ ሲል መጡ። ታዘበው ፊታቸውን አየና ሳይቀመጡ ጣውላ አነሳ። «ቤቴ ውስጥ ሞት አታውሩ! ውጡ!» መምሬ ሲሮጡ መቋሚያቸው ግቢው ውስጥ ቀረ። የሰባ ዓመት ቄስ...

ለኔም «እዚህ ቤት ማንም አያለቅስም። አስከሬኑን ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም» አለኝ።

ለቅሶ የለም። ፍትሐት የለም። አርባ የለም። ጎረቤት ግራ ገባው። «እግዜር ያጽናሽ» እንዳይሉኝ አልተቀመጥኩም፤ «ደህና ነው ወይ?» እንዳይሉኝ ሁሉም ያውቃል። ወንዝ ስወርድ ነው የማለቅሰው። ልብስ እያጠብኩ ፊቴ ቢረጥብ ማን ያውቃል?

ፊደል የቆጠርኩት ከእንዳላማው የትምህርት ቤት ደብተር ነው። እሱ ሳይኖር፣ እያነሳሁ፣ እያስመሰልኩ። ሲያውቅብኝ «እማ፣ ‹ጸ›ን ገለበጥሻት» ብሎ ሳቀብኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄን ልቅበረው። ፍትሐት ይደረግለት። ሰው ይምጣና አብሮኝ ያልቅስ። በቃ። ይኼ ለእናት ይበዛል?

ጥቅምት 25

ታዘበው ዛሬ ገላውን ታጥቦ፣ የክት ጋቢውን ለብሶ ቪዲዮ ቤት ሄደ። ያንኑ ግማሽ ፊልም ለማየት። ወንዶቹ ፈቀቅ ብለው መሐላቸው አስቀመጡት። በእሱ ማንም አልቀለደም። አለቀሰ። ደግሞ ያችው ቦታ ላይ አለቀና ወጣ።

እቤት ሲገባ ጠየቀኝ።

«ሁለተኛው የት ይገኛል?»

«ምንይችል ከሞጣ ነው ያመጣሁት ይላል። ሙሐመድጣሂር ከሚባል ነጋዴ።»

«ሞጣ ያለችው እህትሽ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ትሄጂ የለም?»

«እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ጠይቂልኝ።»

ደነገጥኩ። ልጁ በሕይወት ሲመጣ ለማየት ነው የቸኮለው። የፊልሙ ልጅ ከመጣ የኛም ይመጣል ብሎ ሊቀመጥ... ሌላ አምስት ዓመት? እስክንሞት?

ኅዳር 1

ነገ እሄዳለሁ። ታዘበው ለእህቴ ልጅ የሠራትን ትንሽ በርጩማ በገመድ አስሮ ሰጠኝ። «ሲዲውን እንዳትረሺ» አለኝ። ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 4፣ ሞጣ

ክርስትናው አለፈ። ወይንእሸት ደህና ናት። ልጇ ወፍራም ነው፣ እንቅልፋም።

ዛሬ ሙሐመድጣሂር ሱቅ ሄድኩ። የጨርቅ ሱቅ ነው፣ ጥጉ ላይ ካሴትና ሲዲ ደርድሯል። ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ። «የልብስ ሰፊው! አለኝ። ግን አይተሽው ውሰጂ፣ እሱም ተጭሮ እንዳይሆን» ብሎ ከሱቁ ጀርባ ቤቱ አስገባኝ። ሚስቱ ዘይዳ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ስንጀምር ሰውዬውም ሱቁን ትቶ መጣ።

«ገበያ ጥለህ?» አለችው።

«መጨረሻዋን ብቻ።»

«ሰባት ጊዜ አይቷል እኮ፣ እቴ! እናቱ ስትሞት እንዲህ አላለቀሰም።»

«ያኔማ ሬሳውን ማን ያንሳ? እንግዳውን ማን ያስተናግድ?» አላት ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ጊዜ አልነበረኝም።»

 ከዚያ ወዲያ አልቀለደችበትም።

የፈራሁት አልቀረም። ልጁ ይመጣል። የሞተው ሌላ ሹፌር ነበር። አባትየውን አንቆ ሲስመው ሙሐመድጣሂር ይንሰቀሰቃል፣ ዘይዳም ታለቅሳለች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። በማላውቀው ሰው ደስታ ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሲዲውን በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አይታችሁ መልሱልኝ» አለ።

ኅዳር 6፣ ቢቸና

አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ቀየረ። ሰው ወርዶ እኔ ብቻ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሲዲውን አወጣሁት። ልወርውረው? አንድ እጅ መዘርጋት ነው... የሰው ዕቃ ነው አልኩና መልሼ ደበቅሁት።

ታዘበው መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋቢው በአቧራ ነጥቷል፣ ብዙ ቆሟል ማለት ነው።

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም።»

ዕቃዬን ተቀብሎኝ ከፊት ከፊት ሄደ። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ውሸቴ።

ኅዳር 8

አይጠይቀኝም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሳንቃ ይልጋል። ሳንቃው ሳስቶ ለምንም የማይሆን ሆነ። አሁንም ይልጋል።

ኅዳር 9

ገበያ ዋለ። ታዘበው ቪዲዮ ቤት አልመጣም። ሻዩን ለምንይችል ሚስት ትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ዋሽቼሃለሁ። ሲዲው አለ። አይቼዋለሁ።»

ቀና አለ።

«ልጁ ይመጣል» አልኩት። «በሕይወት አለ። ፊልም ነው ታዘበው፣ ፊልም! የኛ ልጅ ግን...» 

«ልጁን አልጠየቅሁሽም» አለ።

«እ?»

«ልጁ ይምጣ አይምጣ እኔ ምን አገባኝ? አባትየውን ነው። ሽማግሌዎቹ ሲነግሩት ምን አደረገ? ቆመ? ተቀመጠ? ጮኸ? ምን አደረገ?»

ገና አሁን ገባኝ። ታዘበው ያለቀሰው እዚያ ቦታ ላይ ነው፣ አባትየው ወንበር ሲያቀርብ። እሱ ወንበር አላቀረበም። ጣውላ ነው ያነሳው።

የማስታውሰውን ነገርኩት።  «የማን ልጅ?» ብሎ እንደጠየቀ፣ የልጁን ስም እንዲጠሩለት። ሲጠሩለት ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ እንዳቀፈው። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንደ ጮኸ።

«አላፈረም?»

«አላፈረም።»

«እነሱስ? ምን አሉት?»

«ምንም። ያዙት።»

 ዶሮዎቹ እግሩ ሥር መጥተው የሳንቃውን ፍቅፋቂ ጫሩት።

«ሀብቴ» አለኝ። እንዳላማው ከሄደ ወዲህ እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም። «መምሬን ጥሪልኝ። ሰዎቹንም። እንደ ወጉ መጥተው እንደገና ይንገሩኝ።»

ኅዳር 10

መምሬ ወልደ ኪዳን ቤት ሄድኩ። ከግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም።

«ደግሞ በጣውላ ሊያባርረን ነው? እግሬ እንደዚያን ጊዜ አይሮጥም፣ ልጄ።»

«አያባርርዎትም፣ አባቴ። እሱ ራሱ ነው የላከኝ።»

«አምስት ዓመት መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቱን ያዞርብኛል» አሉ። «የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሊያየኝ ፈርቶ ነው ለካ...»

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሞተዋል። በሳቸው ፈንታ ልጃቸው ይመጣል። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነውና በበዓል መርዶ አይነገርም፤ በማግሥቱ ይሁን አሉ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ታዘበው አስቀደሰ። ቤት ተመልሶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ አየ። የሚነቃነቅ የለም።

ኅዳር 13

 ዛሬን ልጻፍ።

ሊነጋ ሲል መጡ። ታዘበው ለብሶ ቆሞ ነበር። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። አራት ወንበር አቀረበ። መምሬ መቀመጫውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። እኔ ጓዳው በር ላይ ነኝ።

«ታዘበው» አሉ መምሬ። «የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ የወሰደም እሱ ነው። ልጅህ...»

«የማን ልጅ? ስሙን ይጥሩልኝ።»

«እንዳላማው። እንዳላማው ታዘበው። ሞቷል፣ ልጄ።»

  ኮት የለንም፣ የሚያቅፈው ምንም አልነበረውም። እጁን ዘርግቶ አየሩን ያዘ። መምሬ ናቸው የያዙት። በጣውላ ያባረራቸው ሰውዬ ደረታቸው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን ጮኸ። እኚያ ደካማ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ ራሱን እየዳበሱ «አልቅስ፣ አልቅስ፣ ልጄ» ይሉታል።

ያን ጊዜ እኔም ጮህኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። አምስት ዓመት ውስጤ የተቀመጠ ጩኸት ነው። ከላይኛው ሰፈር ተሰማ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እየሮጡ ገቡ። አንዷም ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 14

ፍትሐት ተደረገለት። በክርስትና ስሙ ጠሩት። ገብረ ሥላሴ። ከሰማሁት ብዙ ዘመኔ ነው።

ኅዳር 23

ምንይችል ያመጣሁትን ሁለተኛ ሲዲ ዛሬ አሳየ። የፊልሙ ልጅ ሲመጣ ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ አሉኝ፣ ወንዶቹ እየተቃቀፉ አለቀሱ አሉ። እኔ ገና ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አልሄድኩም። «አትሄድም?» አልኩት ታዘበውን።

«ለነሱ ደስ ይበላቸው» አለ። ሳንቃውን ለካ። ከዚያ ስለ እንዳላማው አንድ ነገር አጫወተኝ፣ እኔ የማላውቀውን፤ በልጅነቱ መጋዝ ሰርቆ የጎረቤት አጥር እንደቆረጠ። ሳቅን። ስንስቅ አለቀስን።

ታኅሣሥ 3

የጥቁር ልብሴ ቀለም ሲታጠብ ለቀቀ፣ እንደገና መነከር አለበት።

ከሰዓት በኋላ ከደብረ ወርቅ ወገን አንድ ሰው አልጋ ሊያሠራ መጣ። እንግዳ ነው፣ አያውቀንም። ግንድ ላይ ተቀምጦ ታዘበው ሲሠራ ያያል። እኔ ጓዳ ነበርኩ።

«ሥራው ይበዛብሃል፣ ወንድሜ። የሚያግዝህ ልጅ የለህም?»

መላጊያው ቆመ። እኔም እጄ ሊጥ ውስጥ ቆመ። ድሮ «ዘምቷል» ነበር የሚለው። ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ በቁጣ።

«ነበረኝ» አለ ታዘበው። «እንዳላማው ይባላል። ሞቶብኛል።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው ሰውዬው።

«አሜን» አለ።

እጄን ታጥቤ ውሃ ይዤላቸው ወጣሁ።