«ምስጉን» የተባለው የሁለተኛ ክፍል ትምህርት

ማክሰኞ፣ ማርች 12

ለተከበሩ የወረዳችን የትምህርት ኢንስፔክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ለጉብኝት የመጡ ዕለት መኪናዎ ጭቃው ውስጥ ሲንገጫገጭ ወገብዎን እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ የገፉት ልጆች ደኅና ናቸው። ቀጥዬ አንድ ነገር ልናዘዝ። በሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ አንገቴን እደፋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በቆሎውን ይዞ በሚሰለፍበት በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለእርስዎ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ስሜ ኤኒፋ ነው፤ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነው፤ በመዝገብ ላይ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከገና እረፍት ወዲህ ግን ሁለተኛ ክፍልን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የክፍሉ መምህር ጎንድዌ ትምባሆአቸው ስለደረሰ ጊዜ የላቸውም። ዳይሬክተራችን አስጠርተውኝ «አንቺ ልጅ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ደግሞም ዝምተኛ ነሽ» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ለሹመቱ አመሰግናለሁ። የራሴን ክፍል ትምህርት በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ።

ክቡርነትዎ በጉብኝትዎ ዕለት ያደነቁትን በተራ ላንሣና ላመስግንዎት።

፩. ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ማውጣታቸውን አድንቀዋል። አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት እጅ። በታዘዝኩት መሠረት አንድ ሳምንት ሙሉ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ፤ መልሱን የሚያውቅ መዳፉን ይዘረጋል፣ የማያውቅ ጡጫውን ይጨብጣል፣ መምህሩም የተዘረጋውን መዳፍ ብቻ ይጠራሉ። በዚያ ሳምንት ንባብም ቁጥርም አልተማሩም። ጡጫ መጨበጥን ግን ሳይማር የቀረ አንድም የለም።

፪. ጠመኔ በቁጠባ መያዙን አድንቀዋል። አንዱን ለአራት ሰብረን እንጠቀምበታለን፤ ልጆቹ የሚጽፉት በጣታቸው መሬቱ ላይ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የተማሩት ሁሉ ይጠፋል፤ በማግሥቱ እንደገና እንጀምራለን። ይህን ዘዴ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንደሚያካፍሉ ስለነገሩን ኮርተናል።

፫. ፋሌሲን አድንቀዋል። ከዚህ በኋላ በተራ መቁጠሩን አልችልበትም።

ፋሌሲ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። የምንቆጥርባቸውን የጠርሙስ ክዳኖች በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣልኝ እሷ ናት። የቋንቋችንን የቺቼዋን ገጽ ሳትንተባተብ ስታነብልዎት «ጎበዝ! ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» ብለው ጠየቋት። ይህን ጥያቄ ማንም አላለማመዳትም። ወደ ኋላ ዞራ፣ የመጠጥ ውኃዎን ይዤ በሩ ሥር የቆምኩትን እኔን በጣቷ አሳየች። «ኤኒፋ ናት። መምህር ጎንድዌማ ዓርብ ዓርብ ነው የሚመጡት፣ ሊፈርሙ።»

መምህሩ ሳቁ። «ጎረቤቷ ናት ጌታዬ፤ ይህች ልጅ በቁሟ ነው የምታልም» አሉ። እርስዎም ወደ እኔ ዞረው፣ በእውነት በደግነት፣ «እውነቷን ነው እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አይደለም፣ ጌታዬ» አልኩ። በትልቅ ሰው ፊት ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

ክቡርነትዎም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቁም። አንድ ጥያቄ ለአንድ ጉብኝት እንደሚበቃ ከእርስዎ ተማርኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በቀይ እስክሪብቶ «ምስጉን» ብለው ፈርመው፣ የታረደልዎትን ዶሮ በልተው ሄዱ።

መኪናዎ ወንዙን ሳይሻገር ፋሌሲ ለቅጣት ወደ መምህሩ የትምባሆ ዳስ ተላከች፣ ቅጠል በሲባጎ እንድትሰካ። «ዋሽቻለሁ ብላ ይቅርታ እስክትጠይቅ ክፍል አትገባም» ተባለ። አልጠየቀችም። ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኗ ነው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ያድሯል ይባላል፤ እሷ የመሸባት ትምባሆ ዳስ ውስጥ ነው።

እሑድ ሄጄ አየኋት። ጣቶቿ በቅጠሉ ሙጫ ጠቁረዋል። ያቅለሸልሻታል፤ የበቆሎ ገንፎዋን፣ ንሲማዋን፣ ሳትነካው ዝንብ ወርሮታል። አክስቷ «ተዪ ልጄ፣ ውሸታም ከተባለች ወዲያ ምን ልትሆን ትመለሳለች? እዚህ ቢያንስ እጇ ሥራ ይለምዳል» አሉኝ። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ለሌላም ገበሬ ሊያስቀጥሯት ተነጋግረዋል። ፋሌሲ ከሲባጎው ቀና ሳትል «ኤኒፋ፣ እኔ ዋሽቼ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጠየቋ እንጂ መቀለዷ አልነበረም። ማንበብ ባስተማርኳት አፌ ራሷን መጠራጠርንም አስተማርኳት።

ስለዚህ ነገ፣ ደወሉ ሳይደወል፣ በትምባሆው ዳስ በኩል አልፋለሁ። እጇን ይዤ ክፍል አስገባታለሁ። ከዚያም በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ ዳይሬክተሩም ቢኖሩ በእሳቸው ፊት፣ «ፋሌሲ እውነት ተናግራለች፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ድምፄ እንቢ ካለኝ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሳትንተባተብ የምታነብልኝ አለች።

ለወገብዎ ጤንነትን፣ ለቀይ እስክሪብቶዎም ዕድሜን ተመኝቼ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሣ፣

ዝምታዋ ለሹመት ያበቃት
ኤኒፋ ካዋሌ፣ «ጎረቤቷ»

ሳልረሳው፦ የመምህር ጎንድዌን የትምህርት ዕቅድ ደብተር ሲያገላብጡ «ጽሕፈታቸው እንዴት ያምራል» ብለው ለናሙና ይዘውት ሄደዋል። መንገድ ሲጥልዎት ደብተሩን ይዘው ወደ ወፍጮ ቤቱ ብቅ ይበሉና ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያስተያዩት።