ከስፌት መኪናው ጀርባ የሚታጠፍ ሐዲድ

ሚያዝያ 12 ቀን 1980፣ ረቡዕ

ሙቀት። ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ተሰለፍኩ። ስኳር ደረሰኝ፣ ሳሙና አልቋል። ከሰዓት ጓሮ ክፍል ገብቼ ባቡሬን አዞርኩ። ጡረታ ወጥቼ ናዝሬት ከገባሁ ወዲህ የማይቀር ሥራዬ ይኸው ነው። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ለሥራ ጀርመን ሄጄ ያመጣኋት መጫወቻ... መጫወቻ ናት እንዴ? ትንሽ ናት እንጂ ባቡር ናት።

ራት ላይ ባለቤቴ ተሻለች፣ “እህቴ አሰለፈች ከደራ ጠቅልላ ልትመጣ ነው። የስፌት መኪናዋን ይዛ። አብረን እንሰፋለን።”

“እሰይ!”

“የት የምንሰፋ ይመስልሃል?”

ትርፍ ክፍላችን አንድ ነው፤ እሱም የባቡሬ።

“ግንቦት ሰባት ትገባለች። እስከዚያ ያ ባቡር የምታዞርበት ጣውላህ ከግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ወጥቶ ካገኘሁት፣ በካርቶን ሆኖ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።”

ባለቤቴ ቀነ ገደብ ስትሰጥ እንደ ዋና አዘጋጅ ናት። አታራዝምም።

ሚያዝያ 13

ለካሁ። ጣውላው ጠቦ፣ ጥጉን ይዞ ቢታጠፍ ይገባል። ችግሩ መገንጠያው ነው... ባቡሯ ከዋናው መስመር ወጥታ ወደ ጣቢያዋ የምትገባበት። ያለኝ መገንጠያ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚፈልገውም ቀጥ ያለ ቦታ። እሱን ሁለት የስፌት መኪና ሊወስደው ነው። የቀረኝ ኩርባው ብቻ። ሁለቱም መስመሮች እየታጠፉ የሚለያዩበት መገንጠያ ማን ይሠራል? ያለ መገንጠያ ደግሞ ባቡሯ መዞር እንጂ መድረስ አታውቅም።

ሚያዝያ 15፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ኢተፋ ከቡልቡላ መጣ። የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ሳምንቱን እዚያ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይሰነብታል። የተማረው ምሥራቅ ጀርመን፣ ድሬስደን። ችግሬን ነገርኩት። ሳቀ፣ ወጣ፣ ኮምፒዩተር ታቅፎ ተመለሰ!

የራሱ ማሳያ መስታወት የለውም፤ ከቴሌቪዥናችን ጋር አያያዘው። ፕሮግራሙ ያለው ካሴት ላይ ነው። ድሬስደን ሳለ የሞዴል ባቡር ማኅበር አባል ነበር፤ ለሐዲድ ንድፍ ብለው የጻፉት ነው። ካሴቱ ሲነበብ የሚያወጣው ጩኸት...

“ድመት ረገጣችሁ እንዴ?” አለች ተሻለች ከጓዳ።

ፕሮግራሙ ይጠይቃል። የውስጡ ኩርባ ስንት? የውጪው ስንት? መለስን። ቆየ... ከዚያ ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ መስመር ተሳበ፤ አንዱ ኩርባ ከሌላው ኩርባ ጎን እየተለየ ወጣ። በእውነተኛ ልኩ! ዕድሜዬን ሙሉ የማተሚያ መኪና ሲሠራ አይቻለሁ። እንዲህ ግን አልፈነጠዝኩም።

“ቶሌ?” ይለኛል ኢተፋ በኦሮምኛ፤ ጥሩ ነው? ማለቱ ነው። ቶሌ ነው እንጂ!

ስስ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፈን በእርሳስ ገለበጥን። የማታው ፕሮግራም ሊጀምር ሲል ተሻለች ቴሌቪዥኗን አስመለሰች።

ሚያዝያ 20

በንድፉ መሠረት ሐዲድ አጠፍኩ፣ ቆረጥኩ፣ በየድኩ። ባቡሯን ለቀቅኩ። መገንጠያው ላይ ወደቀች። ደገምኩ... ወደቀች። እጄ ነው? ዓይኔ?

ተሻለች፣ “ካርቶን ከገበያ ላምጣልህ?”

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ

ኢተፋ ያስገባናቸውን ቁጥሮች ደጋግሞ አየ። ስህተት የለም። ወረቀቱን ከሥዕሉ ጋር ላመሳክር ብዬ የብረት ማስመሪያዬን መስታወቱ ላይ ጫንኩ። ተወዛወዘ። መሃሉ ነክቶ ጫፎቹ አየር ላይ!

“ኢተፋ፣ መስታወቱ ሆድ አለው።”

ቀረብ ብሎ አየ። ከጎን አየ። ሳቁ ለቀቀው። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ በጎበጠ መስታወት ላይ የተገለበጠ ንድፍ እንዴት ልክ ይሁን?

“ድሬስደን ማተሚያ ነበረን፣ ጋሽ ኃይለየሱስ። ቴሌቪዥን ላይ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው እዚያ አላየሁም!”

ፕሮግራሙ ግን የኩርባውን ነጥቦች በቁጥር መዘርዘርም ይችላል። ልንጀምር ስንል... መብራት ጠፋ። ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠርን።

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

ጋዜጣ ቤት እርማት ስንሠራ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በእርሳስ ይከተላል። ዛሬም እንዲሁ። ኢተፋ ቁጥሩን ከመስታወቱ እያነበበ፣ እኔ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ ስጥል። ይጣደፋል። አስቆመዋለሁ። ይነጫነጫል። በመጨረሻ ተሻለች መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች።

“ተነስ እኔ ላንብብ። እናንተ እስክትስማሙ እህቴ ትገባለች።”

ድምጿ! የራዲዮ ዜና አንባቢ። “ወደ ጎን አምሳ ሦስት ነጥብ ሁለት... ወደ ላይ አራት ነጥብ ሰባት...” ዓይኗ ከመስታወቱ አይነቀል። ነጥቦቹ ወረቀቴ ላይ ሲታጠፉ ይታየኛል።

በሩ ተንኳኳ። አብተው፣ የቀበሌው ጥበቃ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። በመስኮት የሚሰማ ቁጥር፣ ጠረጴዛ ላይ የሐዲድ ንድፍ... ምን ብዬ ላስረዳ?

“ጋሼ፣” አለ፣ “ከመጀመሪያው ቢደግሙት ምናለ?” ከደረት ኪሱ የሎተሪ ትኬት አወጣ። “ግማሹ አመለጠኝ።”

ተሻለች ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አብተው ነገሩ ሲገባው ትኬቱን ወደ ኪሱ መለሰ፣ ጠመንጃውን ጥግ አስደገፈ፣ “በሉ ቀጥሉ፣ መጨረሻውን ልየው” ብሎ ተቀመጠ። አየው።

ግንቦት 4

አለፈች! በዝግታ አለፈች። በፍጥነት አለፈች። ወደ ኋላ ገፋኋት፣ አለፈች። ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ።

ግንቦት 7፣ እሁድ

አሰለፈች ገባች። መኪናዋን ከጋሪ አውርደን መስኮቱ ሥር አስቀመጥን፤ የተሻለች በሩ በኩል ነው። ከዚያ ተሻለች የልብስ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ከግድግዳው እስከ ጣውላው ጫፍ ለካች። ሌላ ቦታ ደግማ ለካች። ፊቷን ሳየው ምንም አይነበብም...

“አልፏል።”

በስንት ዓመት የጋዜጣ ሥራዬ ይህን ቃል እንዲህ ጠብቄው አላውቅም። ባቡሯን ለቀቅኩላቸው። ከሁለቱ መኪናዎች ጀርባ ተጠማዝዛ ሄደች፣ መገንጠያው ላይ ተለየች፣ ጣቢያዋ ገብታ ቆመች።

አሰለፈች ሻንጣዋን ሳትፈታ ተንበረከከች። “ጋሼ፣ ይቺ ነገር ትጭናለች?”

“ምን?”

“ክር ነዋ።”

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

ኢተፋ መጥቷል። የፈለገው ግን እኔን አይደለም። ተሻለች ሁለተኛ መገንጠያ አዛለች፤ ወደ ራሷ መኪና የሚታጠፍ። አጠገቡ ተቀምጣ፣ “የውስጡን ኩርባ ትንሽ ላላ አድርገው፣ ክሩ ይንከባለላል” ስትለው ሰማሁ። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ቆመው ያያሉ።

ከሰዓት ባቡሬን ላዞር ገባሁ። እጄን ወደ ማብሪያው ስሰድ ተሻለች፣

“ቆይ አንተ! የአሰለፈች የሸሚዝ ቁልፍ ከባቡሯ ገና አልወረደም።”

በሩ ላይ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ።