ከመጻሕፍቱ ጀርባ ስላስገነጠሏቸው ወረቀቶች

ለክቡር አቶ ዴዝሞንድ ፔንጌሊ
የኩናልታ ወረዳ ምክር ቤት የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮ ውስጥ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ስንዴውም በቅሏል።

በቅድሚያ ላመሰግንዎ ይገባል። በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍታችን መኖሩን ያስታወሱ የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት። አስታውሰውም ዝም አላሉም፤ ሁለት ሠራተኞች ልከው፣ በየልብ ወለዱ የመጨረሻ ገጽና በየፊልሙ መያዣ ውስጥ አንባቢና ተመልካች አስተያየቱን የሚጽፍባቸውን ወረቀቶች አስገንጥለው፣ መዝገብ ላይ «ጉዳት» ብለው አስፍረው፣ በአሥራ አራት ከረጢት አስጭነው ወስደዋል። በምትካቸው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚያሰጥ ማሽን ተተክሎልናል። ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር ስለ በግ ሸላቾች የተሠራ ፊልም አይቼ እጅግ ወደድኩ። ያየሁት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ «ዋናው ተዋናይ በግ የሚይዘው እንደ ሻንጣ ነው፤ እኔ ዘንድ ቢሆን ምሳ ሳይበላ አባርረው ነበር። ግን አለቀስኩ» ብላ ስለጻፈችበት ነው። ይህ ስንት ኮከብ እንደሚሆን ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፤ ዘንድሮ ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠብኝ ልብ ወለድ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የባሕር ዳር መብራት ቤት ስለሚጠብቁ ሁለት ወንድማማቾች የተጻፈው ነው። አንድ ደግ ሰው «እስከ መቶኛው ገጽ ታገሡት» ብሎ ባይጽፍበት ኖሮ በአርባኛው እጥለው ነበር። ማሽንዎ ሁለት ኮከብ ሰጥቶታል፤ ማሽኑ አልታገሠም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ጨዋታ የለበትም።

ክሌምና ሮይስ ትሬዛይዝ የሚባሉ፣ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ወንድማማች ገበሬዎች አሉን። አባታቸውን የቀበሩ ዕለት ተጣልተው ይኸው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም፤ የሚከራከሩት በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ብቻ ነበር። ታላቁ ክሌም «ይህን መጽሐፍ የወደደ ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ ታናሹ ሮይስ «ከላይ የጻፈው ሰው ዋና አይችልም» ይላል። ከተማው በሙሉ ክርክሩን ለመከታተል ሲል መጽሐፍ ይዋስ ነበር፤ ቢሮዎ በየዓመቱ የሚኮራበት የመጽሐፍ ተዋሾች ብዛትም ከዚያ የመጣ ነው።

ሮይስ የመብራት ቤቱን መጽሐፍ ሲጨርስ «ታላቅየው ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ በሩ ክፍት ነበር። ደራሲው ይህን አላወቀም» ብሎ ጻፈና ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስሙን አኖረበት። ክሌም ተዋሰው። አንድ መጽሐፍ በአራት ቀን የሚጨርስ ሰው ሦስት ሳምንት አቆየው። ሐሙስ ዕለት፣ እኔ በተረኛነት ስቀመጥ፣ ራሱ በእጄ ሰጠኝ። መጻፉን አየሁ፤ ምን እንደጻፈ ግን አላየሁም፤ ለእኔ አልነበረማ።

ዓርብ የእርስዎ ሠራተኞች መጡ። ቅዳሜ ሮይስ መጣ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፤ የደረቀ ሙጫ ብቻ አገኘ። መልስ እንደነበረና ምክር ቤቱ እንደወሰደው ብምልለት «አንቺ አቪስ፣ ሰው ማስታረቅ መቼም ትወጃለሽ» አለኝና ወጣ። በሳምንቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አደላይድ ከተማ ወሰዱት፤ ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው።

ክሌም ቤት ሄጄ ለመንኩት። ቢያንስ ስልክ እንዲደውል፣ ካልሆነም እንደገና እንዲጽፍ።

«ስለ መጽሐፉ ነው የጻፍኩት» አለኝ።

ይሁን፣ ያንኑ ድገመው አልኩት።

«ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን?» አለና በሩን ዘጋው።

ቢሮዎ ደውዬ አንዲት ወረቀት ፈልጉልኝ ስል፣ አስተያየት በማሽኑ በኩል ማቅረብ እንደምችልና በከረጢቶቹ ያሉት ወረቀቶችም ረቡዕ በመቆራረጫ እንደሚቆራረጡ በትሕትና ተነገረኝ። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። ከዚህ በላይ ግን ጨዋ ሆኜ መቀጠል አልቻልኩም። ጉዳት ያላችሁት የሰው ቃል ነው፤ ያውም ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት የፈጀ።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ዘጠኝ ሰዎች ምሳችንን ይዘን ከረጢቶቹ ባሉበት መጋዘንዎ በር ላይ እንገኛለን። ይህ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው እንዳያረፍድ ለማሳሰብ ነው።

ለሹመትዎ ዕድሜ፣ ለመቆራረጫዎ ብልሽት ከልብ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በታላቅ አክብሮት፣

አቪስ ናንኪቬል
የሐሙስ ተረኛ፣ የኩናልታ ቤተ መጻሕፍት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማሽኑን አልሞከራችሁትም እንዳይሉን፣ ትናንት ክሌም ሳይጠራ መጥቶ ከማሽኑ ፊት ቆመ። የመብራት ቤቱን መጽሐፍ መርጦ አምስት ኮከብ ሰጠ። ማሽኑ ቀጥሎ «የቤተሰብዎ አባል ይህን መጽሐፍ እንዲያነብ ይመክራሉ?» ሲል ጠየቀው። ክሌም ባርኔጣውን አውልቆ «አዎ» የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ አመሰገነው። ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቀውም።