በግራ እጅ የሚዞረው ቁልፍ

ለምወድህ ወንድሜ ለኤክሃርት፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያምህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ግራሲዬላ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። ስለ አባባ የምነግርህ አለኝና ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ። በስልክ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ቁጥርህን ግን ለእኔ ለእህትህ እንኳ ነፍገኸኛል።

አባባ ከገና ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም ነበር። የሚወዱትን ምስር ሠርቼ ሳቀርብላቸው ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይገፉታል። ወሬያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ሲገጣጥሟት የኖሩት መኪና፣ ፖርሼ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ። ሐኪሙን ሳይቀር ይዘው ያስተምሩት ነበር። "መጀመሪያ እኮ ስሟ ዘጠኝ መቶ አንድ ነበር። የፈረንሳይ መኪና ሠሪዎች መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ቁጥር የእኛ ነው አሉ፤ እኛም ዜሮዋን አንድ አደረግናት፣ አለቀ!" ይሉታል። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተሯ በዚህ ወር አብቅቶ በውሃ በሚቀዘቅዝ እንደሚተካ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ሲነግራቸው ደግሞ፣ "እንግዲህ እሷም እንደ በሽተኛ ውሃ ልትጠጣ ነው" ብለው ሳቁ።

ታዲያ በየቀኑ፣ ልክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ይወጣል። “ለ ማን” በሚባለው የፈረንሳይ የመኪና ውድድር ነጂዎቹ በዚያ ሰዓት መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ ዘለው ይገቡ እንደነበር፣ በግራ ቁልፍ እያዞሩ በቀኝ ማርሽ ያስገቡ እንደነበር፣ ቁልፏም እስከ ዛሬ ከመሪው በግራ የሆነው ለዚያ እንደሆነ ስንቴ ነግረውናል! የአባባ ጣት ባዶ አየር ላይ ይዞራል። ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ከዚያ "አልተነሳችም" ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት "ያለ እኔ ትነሳ እንደሆነ አያለሁ!" ብለህ ከአባባ ጋር ተጣልተህ የራሳቸውን ፖርሼ ቁልፍ ይዘህ ባሕር ማዶ ስትሻገር፣ እልኩ አንተን ብቻ የያዘህ መስሎህ ነበር? አባባ ሌላ ቁልፍ አላስቀረጹም። ሞተሯን አውጥተው ለሰው ሰጡ፤ እሷም ከጓሮው መጋዘን ውስጥ በአራት ግንድ ላይ ቀረች። በዚህ ክረምት እንዲረጋጉ ብዬ የመጋዘኑን ቁልፍ ባስጨብጣቸው ወረወሩት። "አመመኝ እንጂ አላበድኩም!" አሉኝ። ስምህን አልጠሩም፤ ግን የሚጠብቁት አንተን ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ፤ መልስ የለም። ተቀይሜህ ነበር።

ባለፈው እሁድ አሥር ሰዓት ላይ እጃቸው እንደ ልማዱ ዞረና መሐል ላይ ቆመ፤ የሆነ ነገር የያዘው ይመስል ነበር። ወዲያው ከመጋዘኑ ያ የምታውቀው ደረቅ ጉርምርምታ ተሰማ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬ ያታለለኝ መሰለኝ። ግን ጎረቤታችን ወይዘሮ ሄበርለ በሩን መደብደብ ጀመሩ። "ሮስቪታ! በእሁድ ምድር ሞተር ታስነሻለሽ? ደረጃውን በተራሽ አለመጥረግሽ አንሶሽ ነው?" እያሉ ጮሁብኝ። ስመለስ አባባ ፈገግ ብለዋል። "መጣ" አሉኝ። እዚያው አረፉ።

ሳይመሽብኝ ወዲያው መጋዘኑ ሄጄ አየሁ። ግንዶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የሞተሯም ቦታ ባዶውን ነው፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ውጭ በረዶ ይጥል ነበር፤ ከኋላ ያለውን የሞተሯን ክዳን ስነካው ግን ይሞቃል። ፈርቻለሁ፣ ኤክሃርት።

ገናዡ የአባባን ግራ እጅ ሊዘረጋ ሞክሮ አቃተው። "አንድ ነገር ጨብጠዋል፤ ላስለቅቃቸው?" ሲለኝ ተወው አልኩት። ነገ እንደጨበጡ ይቀበራሉ።

በዚያች ሰዓት በእናንተ ዘንድ እኩለ ቀን ነበር። ምን ታደርግ ነበር? ወይዘሮ ሄበርለ ነፍስ ይማር ይሉሃል፤ ስለ ጩኸቱም አፍረዋል። ግራሲዬላን፣ ትልቋን ሉሲያን፣ ትንሹን ማቴኦን ሳምልኝ። አሁን ያን የመኪናዋን ቁልፍ የምታኖርበትን መሳቢያ ክፈት። ቁልፉ ካለ ጻፍልኝ። ከሌለ ግን ልጆቹን አትቆጣ፣ ማንንም አትጠርጥር። የት እንዳለ አውቃለሁ።

እህትህ ሮስቪታ
ሹትጋርት፣ ሱፈንሃውዘን
ማርች 24 ቀን 1998