የሣር መዝሪያው ጣጣ

ግንቦት 9 ቀን 1971

ከሆስፒታል ሥራዬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የግቢው ጭቃ ጫማዬን ነጥቆ አስቀረው። አንድ እግሬ ባዶ፣ አንዱ በጫማ፣ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ወልደጻድቅ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ያየኛል። አልሳቀም። ድሮ ቢሆን…

ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ እንዲሁ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በጋውን በአንድ ክራንች እስከ መንገዱ ድረስ ይወጣ ነበር። በልጉ ሲጥል ክራንቹ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ጣለው። ከዚያ በኋላ ከደጃፉ አላለፈም። ገና ክረምቱ አልገባም እኮ። የአሰላ ክረምት ሲገባስ ምን ሊሆን ነው?

እራት ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። ግቢውን ሣር ብናለብሰውስ? ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ይይዘዋል። ነገርኩት።

«በምን ልትዘሪው?» አለኝ።

«በእጄ ነዋ።»

«በእጅ?» አለ።

ግንቦት 13

ዘሩ ተገኘ። ቱሳ ከእርሻ ፕሮጀክቱ ይዞልን መጣ። ወልደጻድቅ ከመዝመቱ በፊት ከቱሳ ጋር የፕሮጀክቱ የእርሻ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። ዘሩ ገለባ ነው የሚመስለው፤ ሲተነፍሱበት ይበራል። ደስ አለኝ። ለአፍታ።

«ያ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መዝሪያ አሁንም አለ?» አለው ወልደጻድቅ ቱሳን።

«አለ። ለግለሰብ ግን አያወጡም።»

መዝሪያ የሚሉት ከረጢት ያለው የፈረንጅ ዕቃ ነው። እጀታው ሲዞር ዘሩን ወደ ፊት ይረጫል። ለስንዴ ማሳ የመጣ ዕቃ! የኛ ግቢ ጥንድ በሬ እንኳ አያዞርም። ልናገር ብዬ ዋጥኩት።

ግንቦት 17

ብረት ሠሪው ከዲሮ ጋ ሄጄ ሬክ፣ ጥርስ ያለው የአፈር መጫሪያ፣ አሠራሁ። ጥርሱ ጥሩ፣ እጀታው ረጅም፣ ወገብ የማያጎብጥ። ወልደጻድቅ ተቀብሎ አገላበጠው።

«አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ይከብዳል።»

«እጀታውን ላሳጥረው?»

«ቢያጥርም አይሆንም።»

ታዲያ ምን ይሆናል? ብለው መልሶ አስጨበጠኝ። ሬኩን በሩ ኋላ አቆምኩት። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ይወድቅብኛል።

ግንቦት 20

ደግሞ ዛሬ ሩሎ አለኝ። ዘሩ ከተነሰነሰ በኋላ አፈሩ ካልተጠቀጠቀ ውሃ ያጥበዋል አለ። ሩሎ! አስፋልት ልናነጥፍ ነው?

ጎረቤቴ ራቢያ ባዶ በርሜል አዋሰችኝ። «ውሃ ሙይበት፣ ከዚያ አንከባልይው ሲስተር» አለችኝ። ጥሩ መላ ነው። አንከባልዬ አምጥቼ መስኮቱ ሥር አቆምኩለት።

«ገመዱ የት ጋ ይታሰራል?» አለ።

«የምን ገመድ? በእጄ እገፋዋለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን አጠፋሁ አሁን? ከሥራ መጥቼ በርሜል ሳንከባልል… የታመመ ሰው አይቆጡም ብዬ ተውኩት። እዚህ ደብተር ላይ ግን እጽፈዋለሁ። አሰለቸኝ።

ግንቦት 24

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተ ማርያም የጓሮ መሬት ሁሉ ጎመንና ድንች ይልበስ አለ። ጾም የሚያድር መሬት የምርት ጠላት ነው አለ። ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ።

«ሲስተር እታገኘሁ፣ እርስዎ ሣር ሊዘሩ ነው ሲባል ሰማሁ።»

ማን ነገረው? ገና ዘሩ ከከረጢቱ አልወጣም! «እናስብበታለን» አልኩ። መጥቼ አያለሁ አለ።

ቤት ገብቼ ለወልደጻድቅ ነገርኩት። «መዝሪያውን ቱሳ አገኘ ወይ?» አለኝ። ይኸው ነው መልሱ።

ግንቦት 29

ዝናብ። ሰው ሁሉ እየዘራ ነው። የኛ ዘር አልጋ ሥር ተቀምጧል። የፊታችን እሁድ ወልደጻድቅ ይፍቀድ አይፍቀድ በእጄ እበትነዋለሁ። በቃኝ።

ሰኔ 2

የጋውኔን ጭቃ አጥቤ ገና መቀመጤ ነው።

ፈረቃ ተለዋውጬ ቀትር ላይ መጣሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ወልደጻድቅ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ወድቆ ነው። ክራንቹ ወዲያ፣ ያ አይሆንም ያለው ሬክ ወዲህ። አጠገቡ አፈሩ ትንሽ ተጭሯል። ሮጥኩ።

«አትንኪኝ።»

ቆምኩ።

«ምን ፈልገህ ወጣህ?»

«ልሞክረው ብዬ።»

«እኔ እሠራው የለም እንዴ?»

ቁና ቁና ይተነፍሳል። ጭቃው ፊቱ ድረስ ደርሷል።

«ሬኩ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለ። «አንዱን ክራንቹ ይዞታል። በርሜሉም እንደዚያው ነው፤ በገመድ ከወገብ ካልታሰረ። በእጅ ልዝራ ቢሉም፣ ዘሩን የሚይዘው አንድ እጅ፣ የሚበትነው ሌላ እጅ። መዝሪያው ግን አንገት ላይ ነው የሚውለው። አንድ እጅ ይበቃዋል።»

ለካ… እኔ ስዘራ አልነበረም የሚታየው። ራሱ ሲዘራ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ይዝራው ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅኩም። ቀኑን ሙሉ ስንት ባለ ክራንች ደግፌ የማስኬድ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን… ደግሞ እሱስ? አፍ የለውም? ወሩን ሙሉ «አይሆንም፣ አይሆንም» ከሚለኝ አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በእሱ ልናደድ ወይ በራሴ፣ አላወቅኩም። ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ራቢያ ባጥር በኩል አይታን ተመለሰች።

ሰኔ 4

ከቱሳ ጋር ፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ደጅ ጠናሁ። ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ። «ለምን ሥራ ነው?» ይላሉ። «ለሣር» ስል ይስቃሉ። አራተኛው ሰው አልሳቀም። ወልደጻድቅን ያውቀዋል። ቅዳሜ ወስዳችሁ ሰኞ መልሱ አለ።

ሰኔ 9

ዘራን። ማለት እሱ ዘራ። እኔ ቆፋሪ፣ ድንጋይ ለቃሚ፣ ሬክ ጎታች፣ ተሰዳቢ ነበርኩ። ክራንቹ እንዳይሰምጥ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ሳንቃ አነጥፍለታለሁ። «እዚያ አትርገጪ!» «ሳንቃውን ወደዚህ!» «ነፋሱ እስኪያልፍ ቁሚ!» ወገቤ ተቆረጠ። እጀታውን ሲያዞረው ግን ዘሩ እንደ ጭስ ይወጣል፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ… ያን የድሮ ፊቱን ካየሁት ቆይቻለሁ።

በመሃል ጓድ ሀብተ ማርያም ገባ።

«ጎመን ነው?»

«ሣር ነው፣ ጓድ» አለ ወልደጻድቅ። መዝሪያውን ከአንገቱ አላወረደም።

«ላም አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ማን ሊበላው ነው?»

«ማንም አይበላውም። ለክራንቼ ነው።»

ሊቀመንበሩ ክራንቹን አየ። ክራንቹ ከሳንቃው ወጣ ሲል የቦረቦረውን፣ ውሃ የቋጠረውን ጉድጓድ አየ። ኮፍያውን አስተካከለ።

«ካጥሩ ሥር ጎመን ይደረግበት» ብሎ ወጣ።

በርሜሉን በገመድ ከወገቡ አስረን ጎተተው። እኔ ከኋላ ገፋሁ። እንደምገፋ አውቋል፤ አልከለከለኝም።

ሰኔ 11

የራቢያ ዶሮዎች! ዘሩን እየለቀሙ ነው። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ እዘጋባቸዋለሁ» ትላለች። ትዘጋለች፤ ይወጣሉ። ወልደጻድቅ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ጠጠር ይወረውራል። ቀኑን ሙሉ።

ሰኔ 24

በቀለ። እዚህ እንደ ምንጣፍ፣ እዚያ እንደ ራሰ በራ። መዝሪያው ተበላሽቶ ነበር እንጂ እጄ አይደለም ይላል። እሺ።

መስከረም 4 ቀን 1972

ከሥራ ስገባ ቤቱ ባዶ። ጠራሁ። ጓዳም የለም። ሣሩ ላይ ክራንቹ የተከለው ትንንሽ ክብ ምልክት እስከ ግቢው በር ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር መንገድ ነው።

«ወጣ እኮ፣ ብቻውን» አለች ራቢያ።

ወጥ ሠርቼ ጠበቅኩ። ቀዘቀዘ። አሞቅኩት። ደግሞ ቀዘቀዘ። ሊመሽ ሲል መጣ።

«የት ነበርክ?»

«ከዲሮ ጋ። ወሬ ይዞን።»

«እስካሁን?»

«ሰው ካልለቀቀኝ ምን ላድርግ?»

ጀመርኩ። ሰው ያስባል አይልም ወይ፣ ወጡ ስንቴ ይሞቃል፣ ቤት ያለው ሰው ነው ወይ… ስናገር ስናገር የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ከመዝመቱ በፊት ሲያመሽ የምናገረው ነው፤ ቃል በቃል። ከመጣ ወዲህ ፊት ለፊት አንድ ቀን ተቆጥቼው አላውቅም። አዝንለት ነበር እንጂ።

እሱም ሳያውቀው አልቀረም። አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ነገም እሄዳለሁ» አለኝ።

«ሂድ» አልኩት። «ወጥ ግን አላሞቅልህም።»